ጣሳውና መርፌው

ሰውዳ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሳይቀድ ሰግዳ ወደ ጓሮ ወጣችና መፋቂያዋን አኘከች። ውሃ ሻጩ የአህያ ጋሪውን ከበሩ አስጠግቷል። የበርሜሉ ዋጋ ከትናንቱ ጨምሮ ኖሮ የባሏ ወንድም ሚስት ናጂያ በሩ ላይ ቆማ፣ ትናንት ያመጣኸው ውሃ ዛሬ ምን ሆኖ ነው የሚወደደው እያለች በዐረብኛ ትከራከረዋለች። ይህ የየቀኑ ነው። በሱዳኗ ገዳሪፍ ውስጥ ዝናቡ ከቆመ ውሃ በገንዘብ ነው፤ ሰሊጥ ጭነው ከፋሽጋ እርሻዎች የሚመጡት መኪኖች የሚያስነሱት አቧራ ብቻ ነው በነጻ የሚገባው። ሰውዳ የመፋቂያዋን ጫፍ አየችው፤ ቀልቷል። ተፋችና በእግሯ አፈር መለሰችበት። ይህም የየቀኑ ከሆነ ሰንብቷል።

አፏን ልትጉመጠመጥ ወደ ዚሩ ሄደች። ዚሩ ሆደ ሰፊ የሸክላ ጋን ነው፤ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር በብረት እግር ላይ ተቀምጦ፣ ክዳኑ ላይ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ተደፍቶበት ይውላል። የቤቱም ሰው፣ እንግዳውም፣ ውሃ ጥም ከመንገድ ያስገባውም በዚያች ጣሳ ይጠጣል፤ ከእኔ በፊት ማን ጠጣባት ብሎ የጠየቀ የለም። ዛሬ ግን ከዛፉ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ቢጫ የፕላስቲክ ጣሳ በሽቦ ተንጠልጥሏል። አዲስ ነው፤ የገበያው ምልክት እንኳ ከቂጡ አልተላጠም። ሰውዳ እጇን ወደ ቆርቆሮዋ ጣሳ ስትሰድ ናጂያ ከበሩ ተመለሰች።

«ያ ቢጫው ያንቺ ነው፤» አለች፣ ዓይኗን የውሃው ባልዲ ላይ አድርጋ።

ለምን እንደሆነ ሰውዳ ጠየቀቻት። ናጂያ፣ ለድድሽ ንጹሕ ዕቃ ይሻላል ብሎ ሐኪሙ አዝዟል፣ ዛኪር ነው የነገረኝ አለችና ባልዲዋን አንስታ ገባች። ነገሩ ለእሷም ያልጣማት ትመስላለች። በባሏ ቃል የምትተዳደር ሴት ናት፤ አድርጊ የተባለችውን ታደርጋለች፣ ለምን ተብላ ስትጠየቅ ግን ፊቷ ይቀላል።

ቁርስ ቀረበ። ትልቁ ትሪ መሐል ላይ ፉሉ ተደፍቶ፣ የሰሊጥ ዘይት ተንቆርቁሮበት፣ ዳቦው ዙሪያውን ተቀምጧል። ሰውዳ ሙሐመድኑርን አግብታ እዚህ ግቢ ከገባች ጀምሮ ከዚህ ትሪ ነው የምትበላው፤ ባሏ ከሞተ በኋላም የባሏ ወንድም ዛኪር፣ የወንድሜ ሚስት ከእኔ ትሪ አትለይም ብሎ በለቅሶው ላይ በሰው ፊት ተናግሯል። ዛሬ ለእሷ በትንሽ ሳህን ለብቻ ቀርቦላታል። የዛኪርና የናጂያ ልጅ ሲሃም፣ ሙሽራ ልትሆን ሳምንታት የቀሯት፣ አክስቷን «ኻልቲ፣ ያንቺ ቃሪያው በዝቷል» ብላ እጇን ወደ ሳህኑ ስትዘረጋ እናቷ አንጓዋን ያዘቻት። አጥብቃ አልያዘቻትም፤ ልክ ሕፃን ከእሳት እንደሚመለስ ነው የመለሰቻት። ሲሃም ግራ ገብቷት እናቷን አየች። ዛኪር ቀና ሳይል ዳቦውን ያጠቅሳል። ከጎረቤት ሬዲዮ የሚመጣው የሰሊጥ ገበያ ዋጋ ብቻ ይሰማ ነበር። ሰውዳ በደህናው ጎን ጥርሷ ሁለት ጉርሻ አኘከችና ሳህኗን ገፋችው።

ትናንት ወደ ጥርስ ሐኪሙ የወሰዳት ዛኪር ራሱ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ አፏን ከፍቶ በቀጭን ብረት ድዷን ነካካ፣ አፍንጫው ላይ ያለውን ጨርቅ ከፍ አደረገ፣ ድድሽን ማን አጠቆረው ብሎ ጠየቀና መልሱን ሳይጠብቅ ዛኪርን ወደ ኮሪደሩ ጠራው። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። «ደም» የሚለውን ሰምታለች፣ «ምርመራ» የሚለውንም ሰምታለች። መንገድ ላይ ምን አለ ብትለው ዛኪር፣ ቪታሚን አንሷታል፣ በጨው ውሃ ትጉመጥመጥ ነው ያለው አላት። አምናው ነበር። ለቪታሚን ማነስ ጣሳ እንደማይለይ የገባት አሁን፣ የተንጠለጠለውን ቢጫ ነገር እያየች ነው።

ለዛኪር ሱቅ የሚሆን በርበሬና ቁንዶ በርበሬ እያበጠረች በፌስታል ማሸግ የእሷ ሥራ ነው። ዛሬ ወንፊቱን እንደተሰቀለ ትታ ቶቧን ተከናነበችና ወጣች። ወዴት ነሽ ላለቻት ናጂያ፣ ጨው ልገዛ አለቻት። ባለ ሦስት እግር ረክሻ ተሳፈረች፤ ባለ ረክሻው ዐረብኛዋን ሰምቶ ሐበሻ መሆኗን ስላወቀ ዋጋውን በግማሽ ጨመረበት፤ እሷም በዚያው ዐረብኛ ሰድባ አስቀነሰችው። ሐኪሙ ጋ ስትደርስ ከፊቷ ጉንጩ ያበጠ የትራክተር ሾፌር፣ ከእሱም ፊት ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። የካርዱን ከፍላ የእንጨቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ነጫጭ ጥርስ ያላት ፈረንጅ ትስቃለች። ሰውዳ ከንፈሯን ገጥማ ጠበቀች።

ሐኪሙ ሲያያት አወቃት፤ ትናንት አብሯት የመጣውን ወንድ ከኋላዋ ፈለገ።

«ብቻዬን ነኝ፤» አለችው። «ትናንት ለዚያ ሰው የነገርኸውን ለእኔ ንገረኝ።»

ሐኪሙ፣ ወንድሟ አልነገራት እንደሆነ ጠየቀ። ወንድሜ አይደለም፣ የባሌ ወንድም ነው አለችው። ዐረብኛ የማትችል መስሎት እንደነበር፣ በዚያ ላይ ሰውዬው የቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ እንዳለው ተናገረ።

«ድዱ የእኔ ነው፤» አለች ሰውዳ። «የሚደማው እኔን ነው። አሁን ደግሞ በምን ቋንቋ እያናገርሁህ ነው?»

ወጣቱ አፈረ። ጓንቱን አውልቆ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀስ እያለ አስረዳት። ድድ የሚደማው ሁሉ ኤች አይ ቪ የለበትም፤ አብዛኛው ከጥርስ ቆሻሻ ነው የሚመጣው፣ ታጥቦና ተፍቆ ይድናል። ነገር ግን ኤች አይ ቪ የሰውነትን መከላከያ ሲያደክመው ቶሎ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ አፍ ነው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ሥጋ ይቆስላል፣ ሌሊት ያማል፣ ይሸታል፣ ድዱ ከጥርሱ ይሸሻል፣ ሥር ያለው አጥንት ሳይቀር በጥቂት ጊዜ ይበላል። የእሷ ድድ በንቅሳት ስለጠቆረ ቅላቱ አይታይም፤ ቁስሉን ግን አይቷል። አይቶ ደግሞ ጠረጠረ እንጂ አላወቀም፤ የሚያውቀው የደም ምርመራ ብቻ ነው። ለዛኪርም የነገረው ይህንኑ ነው፣ ዛሬውኑ ትመርመር ብሎ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ፣ ሰውዬውን ከዚህ በፊትም አውቀዋለሁ አላት። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም አንድ ቁመተ ረጅም የጭነት መኪና ሾፌር ይዞ መጥቶ ነበር፣ የታች የፊት ጥርሶቹ የተነቃነቁ። ያም ድድ እንዲሁ ነበር። ሾፌሩ ጥጥ ነክሶ ወንበሩ ላይ ስለነበር ሰውዬውን ኮሪደር ጠርቼ ደሙን አስመርምርለት አልኩት፤ አስመረመረው ይሆን?

ሰውዳ የሙሐመድኑርን አፍ አስታወሰች። ከመፋዛ ማሽላ ጭኖ ሲመለስ ጉንጩን ይዞ ይገባ ነበር። ሥጋ ተወ፣ ከዚያ ዳቦ ተወ፣ በመጨረሻ አሲዳውን፣ የማሽላውን ገንፎ፣ በወተት እያቀጠነች በማንኪያ ታጎርሰው ነበር፤ እሱም፣ ጥርስ ሳያወጣ የሸበተ ሕፃን አገኘሽ እያለ ይቀልድባት ነበር። ሳሉ ሲጀምረው ደረቱ ነው ተባለ። ሲሞት የአቧራው ነው ተባለ። ሐኪሙን አላመሰገነችውም፤ ምርመራው የት እንደሚደረግ ብቻ ጠይቃ ወጣች።

የመመርመሪያው ክፍል ሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከሳንባ ሕሙማኑ አጠገብ ነበር። ነጭ ቶብ የለበሰች ጠና ያለች ሴት ስሟን ጠየቀቻት፣ ባል እንዳላት ጠየቀቻት፣ አጠገቧ ቆሞ የሚሰማ ሰው ግን አልጠራችም። ከታሸገ ወረቀት ውስጥ መርፌ አውጥታ ጣቷን ወጋቻት፤ መርፌውን ያኔውኑ ቢጫ ሣጥን ውስጥ ጣለችው። ሰውዳ ዓይኗን ከሣጥኑ መንቀል አቃታት። አንዴ ወግቶ ተጣለ። ለሌላ ሰው አልተጠረገም። በዚያች ቅጽበት ውጤቱንም፣ ራሷንም ረሳችና ድድ ነቃሿ ባንቺአየሁ ትዝ አለቻት።

ረመዳን ከወጣ በኋላ ነበር። የሲሃም ሰርግ ተቆርጦ፣ ናጂያ ልጄ ጥርሷ ነጭ ድዷ ጥቁር ሆና ካልወጣች ምኑን ሙሽራ ሆነችው ትላለች፤ የአገሯ የጎንደር ሴት ወግ ነው። ዛኪር ግን ንቅሳት ሐራም ነው፣ ከደጄ አይደርስም ብሎ አሻፈረኝ አለ። መላውን የፈጠረችው ናጂያ ናት። የሰውዳ ድድ ይደማል፤ ለሚደማ ድድ ደግሞ ንቅሳት ያጠነክረዋል፣ ያደርቀዋል ይባላል፤ መድኃኒት ከሆነ ሐራምነቱ ይቀራል። ነቃሿ አንዴ ለመድኃኒት ከገባች ሲሃምም በዚያው ብትነቀስ ማን ምን ይላል? ዛኪር ጢሙን እየዳሰሰ ቆየና፣ ለመድኃኒት ከሆነ እንግዲህ ሕመምተኛዋ ትጀምር ብሎ ፈቀደ። ባንቺአየሁ አምስት ስድስት መርፌ በክር ጠፍራ፣ ጥላሸቱን በሽክና በጥብጣ መጣች። ሰውዳን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ዝም በይ አንቺ፣ ከተንቀሳቀስሽ ምላስሽን ነቅሼ ዐረብ አደርግሻለሁ እያለች ሴቶቹን ታስቅ ነበር። የሰውዳ ደም በአገጯ ወረደ። ነቃሿ መርፌዎቹን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ ነይ ሙሽሪት አለች። ከሲሃም በኋላ ናጂያ፣ እኔስ ምን አጠፋሁ ብላ ተኛች። ዛኪር አጥሩ ጥግ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያልቅ የነቃሿን ዋጋ የከፈለው እሱ ነው።

ባለ ነጭ ቶቧ ሴት ውጤቱን ለሰውዳ ለራሷ ነገረቻት፤ አለብሽ አለቻት። ቀጥላም መድኃኒት መኖሩን፣ በየቀኑ ከተወሰደ ሰው ሠርቶ እንደሚያድር፣ ድዱም አብሮ ታክሞ ቁስሉ እንደሚደርቅ፣ በጣሳና በሳህን፣ አብሮ በመብላትም እንደማይተላለፍ ዘርዝራ አስረዳቻት። ሰውዳ ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«የዛሬ ሁለት ዓመትስ መድኃኒቱ ነበር?»

«ነበር፤» አለች ሴትዮዋ። «ድንበሩን ተሻግሮ መተማም ይሰጥ ነበር፣ ያለ ክፍያ።»

ከዚያ ሰውዳ ስለ መርፌዎቹ ነገረቻት። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ተይዘዋል ማለት አይቻልም፣ አልተያዙም ማለትም አይቻልም፤ ሁለቱንም ይዘሻቸው ነይ፣ ልጅቷን በተለይ ሳታገባ አለቻት።

የዛኪር ሱቅ ከሰሊጥ ነጋዴዎቹ መጋዘን ጀርባ ነው። የጎንደር ነጠላ፣ ኮረሪማ፣ የላስቲክ ጫማ፣ መስተዋት፣ ባትሪ ይሸጣል። ከፋሽጋ የተመለሱ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጫማ እያማረጡ ነበር፤ አንደኛው፣ አዲሱ ፓውንድ ከመጣ ወዲህ የላባችን ዋጋ ነው ያነሰ፣ የዕቃችሁ አላነሰም ብሎ ይወርፋል። ዛኪር የሰውዳን ፊት ሲያይ ባሉት ዋጋ ሸጠላቸውና ሸኛቸው። ደህና ሰው የሚባል ነው። ዘካውን ያወጣል፣ ለስደተኛ ያበድራል፣ ለቅሶ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ሰውዳ ቆማ፣ ከየት እንደመጣች በአጭሩ ነገረችው። ሙሐመድኑር ደሙ ተመርምሮ እንደሆነም ጠየቀችው።

ዛኪር የሚዛኑን ድንጋዮች አንድ በአንድ መደርደር ጀመረ። አዎ፣ አስመርምሮት ነበር። የወባ ነው ብሎ ወስዶት፣ ውጤቱን ለብቻው ተቀብሎ፣ ወረቀቱን መንገድ ላይ ቀደደው። ምን ብዬ እነግረዋለሁ አለ። ወንድሜን በሰው አፍ ላስገባው? ይህ አገር የእኛ አይደለም፤ የውጭ ሰው ሆኖ ያ በሽታ የተገኘበት ተጭኖ ይባረራል ይባላል። ስማችን ነው እዚህ ያቆመን። ሳልናገር ብተወው ቶሎ ያርፋል ብዬ ነው አለ።  ሰውዳ ስለ ሙሐመድኑር አፏን ብትከፍት መልሳ የምትዘጋው አልመሰላትም።

«ጋሽ ዛኪር፣ እኔስ?»

«አንቺ ደህና ትመስዪ ነበር።»

«ሲሃምን ነገ ይዣት ልሄድ ነው። ናጂያንም።»

«ሰርጉ ይለፍ፤» አለ ዛኪር ፈጠን ብሎ። የሙሽራው የሉጥፊ ቤተሰብ የጋላባት ትልቅ ነጋዴዎች ናቸው፣ ይህን ከሰሙ ልጄ ቤት ቀረች፤ ከአረፋ በኋላ ሰርጉ ይለፍ እንጂ እኔ ራሴ እወስዳቸዋለሁ፣ ላንቺም መድኃኒቱን ከመተማ አስመጣልሻለሁ፣ ቤትም ለብቻ እከራይልሻለሁ አላት። እየለመናት ነበር። በሕይወቷ ለምኗት አያውቅም።

«እርስዎ ከጣሳዬ ጠበቋቸው፤» አለችው ሰውዳ። «ከመርፌው ግን አልጠበቋቸውም።»

«እሳት ላይ የምታሳልፈው መስሎኝ...»

«ስታሳልፍ አዩ?»

«ወንድ እዚያ አይቀመጥም።»

«አጥሩ ጥግ ነበሩ። ሕመምተኛዋ ትጀምር ያሉት እርስዎ ነዎት።»

የሚዛኑ ድንጋይ ከእጁ አልወደቀም፤ ቦታው ላይ አስቀመጠው። ደንበኛ ገባና ኮረሪማ ጠየቀው። ሰውዳ ወጥታ ሄደች።

ቤት ስትገባ ሲሃም መስተዋት ይዛ ከንፈሯን ገልባ ድዷን ታያለች። ጥቁር ሐር መስሏል። «ኻልቲ፣ ሉጥፊ በስልክ፣ ሳቅሽ ይሰማኛል አለኝ፤ ወላሂ እብድ ነው» አለችና ሳቀች። ሰውዳ አብራት ልትስቅ ሞከረች። ወንፊቱን አውርዳ እስኪመሽ ድረስ በርበሬ አበጠረች፤ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ብትናገር ከዚህ ግቢ ውጭ የምትገባበት ጣሪያ እንደሌላት ታውቃለች። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ የማታውቀውን ነገር ይዛ ጋላባት ትሄዳለች፤ የሉጥፊን ልጅ ታረግዛለች፣ ድዷ አንድ ጠዋት ይደማል፣ ከዚያም አንድ ደህና የሚባል ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ ይሰማላታል።

መግሪብ ከተሰገደ በኋላ እራት ቀረበ። ትልቁ ትሪ፣ ትንሿ ሳህን። ዛኪር በጊዜ መጥቶ ነበር፤ እንዳትናገር ሊጠብቃት እንደመጣ ያስታውቃል። ሰውዳ ሳህኗን አልነካችም። ናጂያን ስሟን ጠርታ ነገረቻት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ ሆስፒታሉ ያለውን፣ ደሟ ምን እንደሆነ፣ ባሏ የሞተው በምን እንደሆነ። ጣሳና ሳህን እንደማያስተላልፍ፣ መርፌ ግን እንደሚያስተላልፍ ነገረቻት። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ዛኪር፣ «ሰውዳ፣ በአላህ» አለ አንድ ጊዜ። ሲሃም አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«አቡይ፣ ሰሕ ነው?» አለች ከመዳፏ ሥር። አባቴ፣ እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው፤ እሷ የተወለደችው እዚሁ ነው፣ ስትደነግጥ ዐረብኛው ይቀድማታል።

ናጂያ ልጇን አላየችም፣ ሰውዳንም አላየችም። ባሏን አየችው።

«ያን ቀን ታውቅ ነበር?»

ዛኪር የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰ። የጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል፤ አንድ መኪና መንገዱ ላይ አለፈ፣ አቧራው እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ተቀምጠው ጠበቁ። ናጂያ ተነሣች። ከመደርደሪያው ሁለት ትንንሽ ሳህን አወረደች፤ አንዱን ሲሃም ፊት፣ አንዱን ራሷ ፊት፣ ከሰውዳ ሳህን አጠገብ አስቀመጠች። ለሰውዳ አዝና ይሁን አይሁን ፊቷ አይናገርም ነበር። ከትሪው ቆርሳ ለሦስቱም አካፈለች። ከዚያ ትሪውን በሁለት እጇ ወደ ዛኪር ገፋችለት።

በማግስቱ ሦስቱ ሴቶች ቁርስ ሳይቀምሱ አብረው ወጡ። ለናጂያና ለሲሃም የለባችሁም ተባለ፤ ግን መርፌው ቅርብ ጊዜ ስለሆነ ተመልሳችሁ እንደገና ሳትመረመሩ እርግጡ አይታወቅም ተባሉ። ሲሃም ወደ ሉጥፊ ራሷ ደውላ ሰርጉ እስከዚያ ይቆይ አለችው፤ ምክንያቱንም ራሷ ነገረችው። ሉጥፊ ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ሰውዳ መድኃኒቷን ጀመረች፤ ሐኪሙም ድዷን ፍቆ አጠበላት፣ መፋቂያዋ መቅላቱን ተወ። ሰውዳን ከግቢው ውጪ ያላት ሰው የለም፤ ናጂያ ቢጫውን ጣሳ ከሽቦው ፈታ ዶሮዎቹን ውሃ ታጠጣበታለች። ዛኪር ሱቁ ውስጥ ይበላል።

ግቢው ውስጥ ዚሩ አለ፤ የቆርቆሮዋም ጣሳ ክዳኑ ላይ ናት፤ ትሪው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሙሐመድኑር የለም።